መጥኖ መደቆስ፦ በተወሰነ ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ዕቃ አመራረጥ

የቅዱስ እስጢፋኖስ ትምህርት

በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ ዛሬ በቫቲካን አጥር ውስጥ፣ አንድ አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጣልያኖች «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» ይሉታል። በ15ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ዘመን፣ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ሲሆን፣ ከኢየሩሳሌም አልፈው ሮም የሚደርሱ ተሳላሚዎቻችን ያርፉበት ነበር። የግዕዝ ኅትመት ታሪክ ከዚህ ግቢ ይነሣል።

በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን ከኢትዮጵያዊው ከቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ። በዓለም ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ.፣ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር ሆነው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ገዳማቸው በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጥሎ ነበር። ወጪውን የሸፈኑት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛና ሌሎች የሮም ለጋሾች ናቸው።

ማተሚያ ከብዙ ክፍሎች የተገጣጠመ ሥራ ነው። የሚታተመው ጽሑፍ፣ ከብረት የተቀረጹ ፊደሎች፣ መጭመቂያው፣ ወረቀቱ፣ ቀለሙና ፊደል ለቃሚው ሁሉም እኩል መገኘት አለባቸው። የግዕዝ ፊደል ብቻውን ከባድ ወጪ ነበር፤ 26ቱ ፊደላት በሰባት ሆሄያት ሲባዙ 182 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ገና አልተቆጠሩም። ይህ ሁሉ ተገኘ። ሥራውን የያዙት የዶሪኮ ወንድማማቾችም በሮም የታወቁ አታሚዎች ነበሩ። ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ ስሕተት በዛ። የጣልያን ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ መነኮሳቱ ደግሞ የማተም ሙያ አልነበራቸውም። መነኮሳቱ ራሳቸው ይህን ገልጸው እዚያው መጽሐፉ ላይ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። በእጃቸው የነበረው የግብረ ሐዋርያት ቅጂም ጎዶሎ ስለነበር የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ እየተረጎሙ ሞሉት።

የመጽሐፉን ጥራት የወሰነው እንግዲህ ውዱ ፊደል ወይም ጥሩው መጭመቂያ አልነበረም። የወሰኑት ደካሞቹ ክፍሎች፣ ፊደል ለቃሚውና ጎዶሎው ቅጂ ናቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሮም የተገኘው ይህ እውነት ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ሮም ውስጥ የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም ብር ለሚያጠራቅም ወጣትም ያው ነው፦ ከብዙ ክፍል የተገጣጠመ ነገር በደካማው ክፍሉ ልክ ይሠራል። ይህ ምዕራፍ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ከዚህ ሕግ ጋር እንዴት እንደሚያስማማ ያስረዳል።

ፍሬም እንዴት ይሠራል?

በጌም ውስጥ የምናየው እንቅስቃሴ ተከታታይ የቆሙ ሥዕሎች ነው። አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በሰከንድ 60 ፍሬም ማየት የሚፈልግ ሰው ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ይቀባበላሉ። ፕሮሰሰሩ ኳሷ የት እንደደረሰች፣ ጥይቱ ማንን እንደመታ፣ ተቃራኒው ተጫዋች ወዴት እንደዞረ ያሰላል። ግራፊክስ ካርዱ ያንን ስሌት ተቀብሎ ብርሃኑን፣ ጥላውንና ቀለሙን ይሥላል። አንዱ የአሁኑን ፍሬም ሲሥል ሌላው የሚቀጥለውን ያሰላል።

ምሳሌ እንውሰድ። ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም 10 ሚሊሰከንድ፣ ግራፊክስ ካርዱ 25 ሚሊሰከንድ ቢፈጅባቸው፣ ተጫዋቹ የሚያገኘው በሰከንድ 40 ፍሬም ነው። ሻጩ «ፕሮሰሰርህን ቀይር» ብሎት በእጥፍ የሚፈጥን ቢገዛ ፕሮሰሰሩ ሥራውን በ5 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል፤ ከዚያ ካርዱን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ውጤቱ አሁንም 40 ፍሬም ነው። በዚያው ገንዘብ ሥዕሉን በ12.5 ሚሊሰከንድ የሚጨርስ ካርድ ቢገዛ ኖሮ 80 ፍሬም ያገኝ ነበር።

በገበያ ላይ የሚጠፋው አብዛኛው ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው። «ኮር አይ 7 ነው» የሚል አንድ ቃል ብዙ ሰው ያሳምናል፤ አይ 7 የተጻፈበት ማሽን ግን ግራፊክስ ካርድ ከሌለው ከባድ ጌም ላይ አይ 3 ከጥሩ ካርድ ጋር ከያዘ ማሽን በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ ዕቃ ሲመረጥ ሁልጊዜ መጠየቅ ያለበት «የቱ ክፍል የቱን ያስጠብቃል?» የሚለው ነው።

ከስክሪኑ መነሣት

ምርጫው ከፕሮሰሰር አይጀምርም፤ ከስክሪንና ከጌሙ ይጀምራል። ካርዱ በያንዳንዱ ፍሬም ስንት ነጥብ መሣል እንዳለበት የሚወስነው ስክሪኑ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ፎር ኬ የሚባለው ደግሞ 8,294,400፣ ማለትም ልክ አራት እጥፍ። ፎር ኬ ስክሪን የገዛ ሰው ካርዱን በያንዳንዱ ፍሬም የአራት ስክሪን ሥራ አሸከመው ማለት ነው። በዓለም ላይ በኮምፒውተር ጌም ከሚጫወቱት ሰዎች መካከል ዛሬም በብዛት የሚገኘው 1080 ነው፤ ለትንሽ በጀትም ትክክለኛው ልክ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚጫወቷቸውን ጌሞች ስም በወረቀት ይጻፉ። ቫሎራንት፣ ዶታ 2 ወይም የእግር ኳስ ጌም ብቻ የሚጫወት ሰው በመካከለኛ ካርድ ይረካል፤ ቫሎራንትን በመሰሉ ቀላል የተኩስ ጌሞች ላይ እንዲያውም ፍጥነቱን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው። ሰፊ ዓለም ያላቸውና ሥዕላቸው የረቀቀ አዳዲስ ጌሞች የሚፈልግ ሰው ግን የገንዘቡን ትልቅ ድርሻ ለካርዱ መስጠት ግድ ይሆንበታል። ጌሙን ሳያውቁ ዕቃ መምረጥ ልኩን ሳይለኩ ልብስ እንደ ማሰፋት ነው።

ገንዘቡን መደልደል

ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ ለብቻ ተይዘው ለማሽኑ ብቻ 100 ብር አለን ብለን እናስብ። ለ1080 ጌም ሚዛኑን የጠበቀ ድልድል ይህን ይመስላል፦ ለግራፊክስ ካርድ 38፣ ለፕሮሰሰር 17፣ ለማዘርቦርድ 12፣ ለራም 10፣ ለፓወር ሰፕላይ 10፣ ለኤስኤስዲ 8፣ ለኬዝ 5። ቁጥሮቹ በገበያው ዋጋ መሠረት ከፍ ዝቅ ይላሉ። ለምሳሌ በ2025 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩ ግዙፍ የዳታ ማዕከሎች የሜሞሪ ምርቱን ስለተሻሙበት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በኃይል ንሯል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የራም ድርሻ ከ10 ማለፉ አይቀርም። ቅደም ተከተሉ ግን አይናጋም፦ ካርዱ ይቀድማል፣ ፕሮሰሰሩ ይከተላል፣ ኬዙ መጨረሻ ነው።

የአገራችን ገዢ ሌላ ነገርም ያስላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነውና የአንድ ካርድ ዋጋ በብር ሲቆጠር በዚያው ልክ ተሰቅሏል። አንዱ የተሳሳተ ዕቃ የሚያስከፍለው ቅጣት አድጓል ማለት ነው።

ግራፊክስ ካርድ

ካርድ ሲመረጥ ሦስት ነገር ይታያል፦ ፍጥነቱ፣ የራሱ ሜሞሪና የሚፈልገው ኃይል። ለ1080 ጥሩ ሚዛን ያለው ካርድ ምሳሌ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6600 ነው፤ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፣ የሚወስደው ኃይል 132 ዋት ነው። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ ደግሞ 170 ዋት ይፈልጋል፤ ጌም ከመጫወት ሌላ በብሌንደር ሥዕል ለሚሠራ ወይም ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ሜሞሪው ጥቅም አለው። ከዚህ ዝቅ ሲል ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 580 እና ጂቲኤክስ 1650 አሉ።

የካርድ ሜሞሪ ሲያንስ የሚደርሰው ጉዳት ከፍጥነት ማነስ ይለያል። ጌሙ የሚፈልገው ሥዕል ካርዱ ውስጥ አልገባ ሲል ከዋናው ራም ይመላለሳል፤ ያኔ ጌሙ እየሄደ ድንገት ይቆማል፣ ይቀጥላል፣ እንደገና ይቆማል። ለአዳዲስ ጌሞች 4 ጊጋባይት የጠበበ ሆኗል፤ ከተቻለ 8 ይሁን።

ያገለገለ ካርድ ለትንሽ በጀት ትልቅ በር ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ሲለውጥ፣ እርሱን ለማምረት ቀን ከሌት ሲሠሩ የነበሩ ብዙ ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ፈሰሱ። እንዲህ ያለ ካርድ የግድ መጥፎ አይደለም፤ ፋኑና በውስጡ ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ግን ሊያረጅ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው የሐሰት ካርድ ነው። አሮጌ ካርድ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ተቀይሮ በአዲስ ካርድ ስም ሲሸጥ ዊንዶውስም ሐሰተኛውን ስም አምኖ ያሳያል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ይለያቸዋል። ስለዚህ ገንዘብ ሳይከፈል ካርዱ ማሽን ላይ ይገጠም፤ በጂፒዩ-ዚ ይታይ፤ ከዚያ ከባድ ጌም ወይም ፈርማርክ የመሰለ መፈተኛ ለ15 ደቂቃ ይሥራ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ካልወጣ፣ ማሽኑ ካልጠፋና ፋኑ ካልጮኸ መልካም ነው። ይህን ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

ለዚህ ዓይነት ካርድ የሚመጥን ፕሮሰሰር ውድ አይደለም። የኢንቴል ኮር አይ 3 12100ኤፍ አራት ኮር፣ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ስድስት ኮር አላቸው፤ ሁለቱም አርኤክስ 6600ን በአብዛኛው ሳያስጠብቁ ይመግባሉ። በኢንቴል ስም መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» የራሱ ሥዕል ማውጫ የለውም ማለት ነው፤ ካርድ ካልተገጠመለት ስክሪኑ ጨለማ ነው። ካርድ ለመግዛት ገንዘቡ ገና ያልሞላለት ሰው በተቃራኒው ራይዘን 5 5600ጂን ሊመርጥ ይችላል። የራሱ ግራፊክስ ስላለው ቀላል ጌሞችን ያስኬዳል፤ ካርዱ በኋላ ሲገኝ እላዩ ላይ ይገጠማል። በየደረጃው ለሚሠራ ሰው ይህ የተመሰከረለት መንገድ ነው።

ማዘርቦርድ ፍጥነት አይጨምርም፤ ሥራው ሌሎቹን ማገናኘት ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚቆጠበው እዚህ ላይ ነው፤ የሚሳሳቱትም እዚሁ ነው። የፕሮሰሰሩ መቀመጫና የማዘርቦርዱ መቀመጫ አንድ መሆን አለባቸው። ራይዘን 5 5600 ኤኤም4 በሚባለው ላይ ይቀመጣል፤ 12100ኤፍ ኤልጂኤ1700 በሚባለው ላይ። ኤልጂኤ1700 ያላቸው ማዘርቦርዶች አንዳንዶቹ ዲዲአር4፣ አንዳንዶቹ ዲዲአር5 ራም ይቀበላሉ፤ ሁለቱን ማቀያየር አይቻልም። ቢ450 በተባለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ 5600 ለመግጠም ባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር፣ መታደስ ሊኖርበት ይችላል፤ ከመግዛትዎ በፊት «ባዮሱ ታድሷል?» ብለው ይጠይቁ። ራም የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አራት ቢሆኑ፣ ለወደፊት መጨመሪያ ይተርፋሉ።

ራምና ማከማቻ

ለዛሬ ጌም 16 ጊጋባይት ራም ይበቃል። አንድ 16 ከመግዛት ሁለት 8 መግዛት ይሻላል። ፕሮሰሰሩ ከሁለት ራሞች በአንድ ጊዜ ያነባልና፦ አንድ ዲዲአር4 3200 ራም በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ ሁለት ሲሆኑ 51.2። በተለይ ካርድ በሌለው በ5600ጂ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ያ ፕሮሰሰር ሥዕሉንም የሚሥለው ከዚሁ ራም እየተበደረ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ነጻ ጥቅም አለች። 3200 ተብሎ የተገዛ ራም ማሽኑ መጀመሪያ ሲበራ በ2133 ወይም በ2400 ሊሠራ ይችላል። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚለውን ማብራት የተከፈለበትን ፍጥነት ያስገኛል። ሳንቲም አይጠይቅም።

ማከማቻ ኤስኤስዲ ይሁን። ተራ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ወደ 150 ሜጋባይት ሲያነብ፣ ሳታ ኤስኤስዲ ወደ 550፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ እስከ 3,500 እና ከዚያም በላይ ያነባል። ኤስኤስዲ ፍሬም አይጨምርም፤ ጌሙ የሚከፈትበትን ጊዜ ግን ያሳጥራል፤ አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ደግሞ ያለ እርሱ በቅጡ አይሄዱም። ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ መሸጋገር ትልቅ እርምጃ ነው፤ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ያለው ልዩነት ጌም ላይ ትንሽ ስለሆነ የዋጋ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ሳታው ይበቃል። አንድ ጌም ብቻውን ከ100 ጊጋባይት ሊያልፍ ስለሚችል ከ500 ጊጋባይት ያነሰ አይግዙ።

ፓወር ሰፕላይ፦ የማይታየው ዋና

የማይታይ ዕቃ ስለሆነ ብዙ ገዢ የመጨረሻዋን ሳንቲም የሚወረውረው ለፓወር ሰፕላይ ነው። ማሽኑን በሙሉ ይዞ ሊሞት የሚችለው ዕቃ ግን እርሱ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ካርዱ 132 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ ወደ 76 ዋት፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲውና ፋኖቹ ተደምረው ወደ 50 ዋት። ጠቅላላው 260 ዋት አካባቢ ነው። የካርዶች ፍላጎት ለቅጽበት ከዚህ በላይ ስለሚዘል እውነተኛ የ500 ወይም የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ በቂ ትርፍ ይሰጣል። «እውነተኛ» የምትለዋ ቃል ትመዘናለች፤ በጎኑ 600 ዋት ተጽፎበት ግማሹን ብቻ የሚችል ርካሽ ዕቃ በገበያው ሞልቷል።

80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚናገረው ከግድግዳው የወሰደውን ኤሌክትሪክ ምን ያህሉን ሳያባክን እንደሚያሳልፍ ነው፤ ስለ መከላከያው አይናገርም። ስለዚህ ምልክቱ ብቻ አይበቃም፤ የታወቀ አምራች ስምና ዋስትና ይፈለጋል። በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ቢባልም መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ይዋዥቃል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ዝቅታውን ይቋቋማል፤ ለከፍታውና ለድንገተኛው መቋረጥ ደግሞ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ማከፋፈያው ግራውንድ ያለው ይሁን። ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤሶች ከሚያወጡት ሻካራ ሞገድ ጋር ላይስማሙ ይችላሉና፣ ፑር ሳይን ዌቭ የሚለውን ማግኘት ከተቻለ ይመረጣል።

የቢሮ ማሽን መንገድ

በአዲስ አበባ ገበያ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ያሉት፣ በብዛት ይገኛሉ። ኮር አይ 5 7500 ያለው አንዱን ገዝቶ ካርድ መጨመር ጌም ለመጀመር ከሁሉ ርካሹ መንገድ ሊሆን ይችላል። ደካማው ክፍል ግን ሁልጊዜ አብሮ ይመጣል።

መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም፤ መሰኪያው ከመደበኛው ስለሚለይ በሌላ መተካትም ያስቸግራል። ስለዚህ ኃይሉን በሙሉ ከማዘርቦርዱ የሚወስድ፣ ማለትም ከ75 ዋት ያልበለጠ፣ ካርድ ያስፈልጋል፤ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልጉት የጂቲኤክስ 1050 ቲአይና የጂቲኤክስ 1650 ሞዴሎች ምሳሌ ናቸው። ሁለተኛ፣ ቀጭኑ ሞዴል ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይቀበልም፤ ቁመተ አጭር የሆነ ካርድ መፈለግ ግድ ነው። ከመግዛት በፊት ኬዙን ከፍቶ ቦታውን በማስመሪያ መለካት ይገባል። ሦስተኛ፣ 53 ዋት ብቻ የሚፈልገው አርኤክስ 6400 ለዚህ የተሠራ ቢመስልም ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው፤ 7ኛው ትውልድ ኢንቴል ላይ መስመሮቹ የአሮጌው ፍጥነት ስለሆኑ ካርዱ ከአቅሙ የተወሰነውን ያጣል። አራተኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ኢንቴል ጀምሮ ነው። የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ያለውን ይምረጡ።

ከሮም ዕቃ ለሚያመጣ

ሮም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ገዢ ሌላ ዓይነት ጥቅም አለው። በጣልያን ለዕቃው የሚከፈለው ዋጋ 22 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይዞ ነው፤ በምላሹ ሸማቹ ከነጋዴ ለገዛው አዲስ ዕቃ የሁለት ዓመት ሕጋዊ ዋስትና፣ በኢንተርኔት ለገዛው ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት አለው። ከግለሰብ የሚገዛ አሮጌ ዕቃ፣ በኢንተርኔት ማስታወቂያም ሆነ በእሑዱ የፖርታ ፖርቴዜ ገበያ፣ ይህን ዋስትና አይዝም። ዋጋው ሲያንስ ያነሰው የዋስትናው ዋጋ ጭምር መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ለአገር ቤት ወንድሙ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ቀላልና ውድ የሆኑትን፣ ማለትም ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲና ካርድ፣ በሻንጣው ይያዝ፤ ከባዱንና የሚበላሽ ከሆነ በቅርብ መመለስ ያለበትን፣ ማለትም ኬዝ፣ ሞኒተርና ፓወር ሰፕላይ፣ አዲስ አበባ ይግዛ። የጣልያን 230 ቮልትና የኢትዮጵያ 220 ቮልት ስለሚቀራረቡ የኃይል መቀየሪያ አያስፈልግም። ከአሜሪካ የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ ግን በጀርባው የቮልት መምረጫ ካለው ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 መዞሩ ይረጋገጥ፤ በ115 ላይ እንዳለ 220 ከገባበት በቅጽበት ይቃጠላል። ዕቃ ከመላኩ በፊት ላኪውና ተቀባዩ የማዘርቦርዱን፣ የፕሮሰሰሩንና የራሙን ሙሉ መጠሪያ በጽሑፍ ይለዋወጡ። «አንድ ራም አምጣልኝ» ተብሎ የመጣ ዲዲአር5፣ ዲዲአር4 ማሽን ላይ አይገባም፤ ሮም ድረስ መመለሻ መንገድም የለውም።

የሚቀረው

የኬዝ ነገር አጭር ነው፦ ከፊት አየር የሚገባበት፣ ከኋላ የሚወጣበት ክፍት ይኑረው። ፊቱ በመስታወት የታሸገ ባለ መብራት ኬዝ ያምራል፤ ሙቀቱን ግን ይይዛል፤ ካርድ ሲሞቅ ደግሞ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለመብራቱ የሚከፈለው ገንዘብ ወደ ካርዱ ቢዛወር በየፍሬሙ ይታያል።

ይህን ሁሉ ልፋት ለጨዋታ ነው ብሎ የሚያቃልል ሰው ይኖራል። ጌም የሚያስኬድ ማሽን ግን ቪዲዮ ያቀናብራል፣ የሕንፃ ንድፍ ይሥላል፣ ጌምም ይሠራል። በአዲስ አበባ «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጌም የሠሩት ወጣቶች ጌም ከመጫወት አልፎ መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል። ዕቃ መርጦ በእጁ የገጣጠመ ወጣት ማሽኑ ሲበላሽ የቱ ክፍል እንደታመመ ያውቃል፤ ይህ ዕውቀት ነገ የሥራ መነሻ ሊሆነው ይችላል።

እንግዲህ ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይያዙ። የጌሞቹን ስም፣ የስክሪኑን መጠን፣ ያለዎትን ገንዘብ ይጻፉ፤ በሥሩ ሰባቱን ዕቃዎች ከነሙሉ መጠሪያቸው ይደርድሩ፤ ከያንዳንዱ አጠገብ የሚገናኘው ከየትኛው ጋር እንደሆነና ለምን እንደመረጡት ያስፍሩ። ምክንያት ያልተጻፈለት ዕቃ አይገዛ። ገንዘቡ ከጎደለ ደግሞ ሁሉንም ዕቃ በጥቂቱ ከማሳነስ፣ 5600ጂ በመሰለ ፕሮሰሰር ጀምረው ለካርዱ ያጠራቅሙ። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው መግዛት ያለበት ርካሹን አይደለም፤ እርስ በርሱ የሚመጣጠነውን ነው።